ስለ ቤት ዕዳና ስለ ቤት ደብተር



በሒሳብ ክፍል ስለ ወለድ የተማርነው ትምህርት ለፈተና ብቻ የተሰጠን የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ይህ ሒሳብ በዛሪማና በጎንደር በሚኖሩ ዘመዶቼ ቤት ሲሠራ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ቤቱን በመያዣ አስይዞ የተበደረ ሰው ዕዳውን ከቀነ ገደቡ አስቀድሞ እንዴት ሊጨርስ እንደሚችል፣ ለዚህም የሚሆነው ገንዘብ ከቤት ወጪ እንዴት እንደሚገኝ፣ የተረዳሁትን ያህል በቁጥር ለማስረዳት አሰብሁ።

ነገሩን ከአገራችን ልማድ ልጀምር። አያቴ እንደሚነግሩን፣ አባታቸው በአንድ ልጃቸው ሠርግ ጊዜ 60 ብር ተበድረው ከዛሪማ ወንዝ አጠገብ ያለውን ማሳ ወለድ አገድ ሰጡ። ወለድ አገድ ማለት ስሙ እንደሚያመለክተው ወለድን የሚያግድ ውል ነው። ተበዳሪው ወለድ አይከፍልም፤ ነገር ግን አበዳሪው መሬቱን ይዞ ያርሳል፣ ምርቱንም ይወስዳል። ዋናው ገንዘብ እስኪመለስ ድረስ ማሳው አይለቀቅም። አበዳሪው ያንን ማሳ 11 ዓመት አረሰው። በየዓመቱ ማሽላውን ወደ ራሱ ጎተራ አስገባ። በ11ኛው ዓመት ሒሳቡ ሲታይ ዕዳው ያው 60 ብር ነበር፤ አንዲት ሳንቲም እንኳ አልጎደለችም። በመጨረሻ በቅሎ ተሸጣ ማሳው ተመለሰ። አያቴ ይህን ሲያወሩ ስለ ማሳው ብዙም አይናገሩም፤ ስለ በቅሎዋ ግን ሁልጊዜ ያነሣሉ።

ይህ ዓይነት ውል በእኛ አገር ብቻ የነበረ እንዳይመስላችሁ። በ12ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ሁለት ዓይነት የመሬት መያዣ ነበር። በአንደኛው አበዳሪው የወሰደው ምርት እየታሰበ ከዕዳው ይቀነስ ስለ ነበር «ሕያው መያዣ» ተባለ። በሁለተኛው ግን አበዳሪው ምርቱን ሲበላ ይኖራል፣ ዕዳው ግን አይቀነስም፤ ስለዚህ «ሙት መያዣ» አሉት። ዛሬ በዓለም ሁሉ ለቤት ብድር የሚነገረው ሞርጌጅ የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ከሙት መያዣ ነው። የአያቴ አባት ማሳም በዚህ አነጋገር ሙት መያዣ ነበር ማለት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወለድ አገድን ከቁጥር 3117 ጀምሮ ይደነግጋል። ይኸው ሕግ በሰውና በሰው መካከል የሚደረግ የገንዘብ ብድር በዓመት ከ12 በመቶ የበለጠ ወለድ እንዳይኖረው ይከለክላል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን መሬትን መሸጥም፣ በመያዣም ሆነ በወለድ አገድ መስጠትም ተከለከለ። ቢሆንም ልማዱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ማሳውን ለባለ ገንዘብ እየለቀቀ እስኪከፍል ድረስ ማሳረሱ በአማራ ክልል በብዙ ስፍራ የታወቀ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከገንዘብ ተቋም እንዲበደር ፈቅዷል። እንግዲህ ስለ ባንክ ብድር ማወቅ የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

በከተማ የቤት ብድር ዕድሜው አጭር አይደለም። በ1968 ዓ.ም. ከዚያ በፊት የነበሩ ሁለት የቤት ብድር ድርጅቶች ተዋሕደው ቤትና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ። ይህ ባንክ በኋላ ስሙ ተለውጦ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለጋራ መኖሪያ ቤቶች ምዝገባ በተደረገ ጊዜ 20/80 የሚለው አጠራር በሕዝብ አፍ ገባ። ትርጓሜውም ገዢው ከቤቱ ዋጋ 20 በመቶውን ይቆጥባል፣ 80 በመቶውን ባንክ ያበድረዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እገባለሁ። ጓደኞቼ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ብትከተሉኝ ይሻላል።

አንድ ሰው 200,000 ብር በ9.5 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለ20 ዓመት ተበደረ እንበል። በየወሩ እኩል እየከፈለ በ240 ወር እንዲጨርስ ቢታሰብ ወርኃዊ ክፍያው 1,864 ብር ከ26 ሳንቲም ይሆናል። የመጀመሪያውን ወር እንመልከት። የ200,000 ብር የዓመት ወለድ 19,000 ብር ነው፤ ለ12 ሲካፈል 1,583 ብር ከ33 ሳንቲም ይደርሳል። ሰውዬው ከከፈለው 1,864 ብር ላይ ይህ ለወለድ ሲነሣ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 280 ብር ከ93 ሳንቲም ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር ዕዳው በጥቂት ስለ ጎደለ ወለዱም በጥቂት ይጎድላል፤ ከዋናው የሚቀነሰው 283 ብር ከ15 ሳንቲም ይሆናል። እንዲህ እያለ በዝግታ ይሄዳል። በ5 ዓመት ውስጥ ሰውዬው 111,856 ብር ያህል ይከፍላል፤ ዕዳው ግን የሚቀንሰው በ21,469 ብር ያህል ነው። ከየወሩ ክፍያ ለዋናው የሚደርሰው ክፍል ለወለድ ከሚሄደው የሚበልጠው በ13ኛው ዓመት ነው። 20 ዓመቱ ሲያልቅ የከፈለው በጠቅላላው 447,422 ብር ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 247,422 ብር ወለድ ነው።

ባንኩ አታለለ ማለት አይደለም። ሰው የያዘውን ገንዘብ ያህል ወለድ መክፈሉ ትክክል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት የያዘው ገንዘብ ብዙ ስለ ሆነ ወለዱም ብዙ ነው። ነገር ግን ይህን ስመለከት የአያቴ አባት ማሳ ትዝ አለኝ። የባንክ ብድር ሕያው መያዣ ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሙት ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ምርቱ ይታጨዳል፣ ዕዳው ግን እምብዛም አይነካም።

የሚገርመው ግን ይህ ድክመቱ ራሱ ለተበዳሪው መግቢያ በር መሆኑ ነው። ከወርኃዊው ክፍያ በላይ የሚሰጥ ገንዘብ የወሩ ወለድ አስቀድሞ ስለ ተከፈለ በሙሉ ከዋናው ዕዳ ላይ ይቀነሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተቀነሰው ገንዘብ ላይ ወለድ አይታሰብም። ስለዚህ ቀድሞ የተከፈለ ብርና ዘግይቶ የተከፈለ ብር እኩል አይደሉም። ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አንድ ሒሳብ ሠርቻለሁ። ይኸው ተበዳሪ ዕቁብ ደርሶት 10,000 ብር በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ለባንኩ ቢሰጥና ወርኃዊውን ክፍያ ሳይለውጥ ቢቀጥል፣ ዕዳው በ29 ወር ቀድሞ ያልቃል፤ የሰጠው 10,000 ብር ተነሥቶለት 44,000 ብር ያህል ይተርፈዋል። ያንኑ 10,000 ብር በ15ኛው ዓመት መጨረሻ ቢሰጥ ግን የሚያሳጥረው 8 ወር ያህል ነው፤ የሚተርፈውም 5,600 ብር ያህል ነው። በዕቁብ መጀመሪያ ላይ ዕጣ የደረሰው ሰው የሚደሰተው በከንቱ አይደለም።

አሁን ደግሞ ይህ በቤት ውስጥ እንዴት እንደ ተፈጸመ ልንገራችሁ። አጎቴ በጎንደር ከተማ አስተማሪ ናቸው። ከላይ በተጻፈው ልክ 200,000 ብር ተበድረው ቤት ገዙ፤ መክፈል የጀመሩት በመስከረም 2010 ዓ.ም. ነው። እኔ በየክረምቱ ከዛሪማ ተነሥቼ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወጥቼ፣ በደባርቅና በዳባት አልፌ ወደ እርሳቸው ቤት እሄዳለሁ። ሊማሊሞን በመኪና የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ብዙ ከዞረ በኋላ ወደ ታች ሲመለከት የተነሣበት ስፍራ ገና ከእግሩ ሥር ነው። የቤት ዕዳ የመጀመሪያ ዓመታትም እንደዚያው ናቸው።

በቤታቸው አንድ ደብተር አለ። ከጣት የማይበልጥ እርሳስ በክር ታስሮበት ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ተሰቅሏል። የሚጽፉት የአጎቴ ባለቤት እትዬ ናቸው፤ ክረምት ሲሆን ሥራው ለእኔ ይሰጣል። ደብተሩ ሦስት ዐምድ አለው፤ የገባ፣ የወጣ፣ ባይወጣ ይቻል የነበረ። ይህን ሦስተኛውን ዐምድ ያወጡት እትዬ ራሳቸው ናቸው። ማንም ሰው አይወቀስበትም፤ በወሩ መጨረሻ ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ተቀምጦ ይነጋገርበታል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከወርኃዊው ክፍያ በላይ ምንም አልሰጡም። ምክንያቱን በጠየቅሁ ጊዜ አጎቴ፣ «ልጄ፣ ጎተራው ባዶ የሆነ ቤት ዕዳ ለመክፈል አይሮጥም» አሉኝ። በዚያ ጊዜ ከባልንጀሮቻቸው የተበደሩትን ትንንሽ ዕዳ ዘጉ፤ ቀጥለውም ቤቱን ሦስት ወር የሚያኖር መጠባበቂያ አከማቹ። ይህ ጥንቃቄ በከንቱ አልቀረም። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን በመጣ ጊዜ መንገድ ተቋረጠ፤ አያቴና ሌሎች ዘመዶቻችንም ወደ ጎንደር ሄደው በዚያው ቤት ተጠጉ። ማድ ቤቱ ለአምስት ሰው የተሰናዳ ሳለ አሥራ አንድ ሰው በላበት። መጠባበቂያው ባይኖር ኖሮ የባንኩ ክፍያ በተቋረጠ ነበር። ክፍያ ሲቋረጥ ነገሩ ቀላል አይደለም፤ በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 በመያዣ የያዙትን ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው በሐራጅ እንዲሸጡ ለባንኮች ሥልጣን ይሰጣቸዋል።

መጠባበቂያው ከሞላ በኋላ፣ ከመስከረም 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በየወሩ 500 ብር ተጨማሪ መክፈል ተጀመረ። ይህ 500 ብር ከወዴት እንደ መጣ ደብተሩ ይናገራል። ለባጃጅ ይወጣ የነበረው በእግር በመሄድ 140 ብር ቀነሰ፤ አጎቴ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሻይ ቤት የሚያወጡት 120 ብር ቀረ፣ ሻዩ ግን በቤት አልቀረም። እትዬ ደቆ የሚሸጠውን በርበሬ ትተው ዛላውን ከነቅመሙ በብዛት እየገዙ በቤት ማዘጋጀት ሲጀምሩ በየወሩ ሲታሰብ 80 ብር አተረፈ። ከሰል 100፣ የስልክ ካርድ 60። ይኸው 500 ሞላ። የልጆች ወተትና የትምህርት ወጪ አልተነካም፤ ይህን እትዬ ገና ከመጀመሪያው «አይነካም» ብለው በደብተሩ ሽፋን ላይ አጽፈውታል።

ጤፍ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። በደመወዝ የሚኖር ሰው ጤፍን በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይገዛል፤ ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ዋጋው ከፍ ባለበት ጊዜ ሳይወድ ይገዛል። እትዬ ግን አዝመራው ገብቶ ገበያው ሲሞላ በጥር ወር የዓመቱን ይገዛሉ። ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ ከዕቁብ ነው የሚመጣው። ከዚህ የሚተርፈው ወደ ባንክ ሳይሄድ መጠባበቂያውን ይሞላል። ድግስን በተመለከተ ግን ብዙ ክርክር ነበር። ለትንሹ ልጅ ክርስትና ስንት ሰው ይጠራ በሚለው ነገር አጎቴና አያቴ ሳይስማሙ አንድ ሳምንት ቆዩ። አያቴ፣ «ሰው ሳይበላልህ የሠራኸው ቤት ቤት አይባልም» አሉ። አጎቴም፣ «እማዬ፣ ያባትዎ ማሳ የሄደው በሠርግ አይደለምን?» ብለው መለሱ። በመጨረሻ ጎረቤትና የዕድሩ ሰዎች ብቻ ተጠሩ፤ አያቴም ከዛሪማ ማር አመጡ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ዕድር የሌለው ሰው በሐዘኑ ቀን ብቻውን ነው፤ ስለዚህ የዕድርን ገንዘብ ከሦስተኛው ዐምድ የሚጽፍ ቆጣቢ ቁጠባን አላወቀም።

የዚህ ሁሉ ውጤት በቁጥር እንዲህ ነው። 2017 ዓ.ም. ሲፈጸም በ72 ወር የተጨመረው 36,000 ብር ነው። ተጨማሪው ባይኖር ኖሮ በዚያን ቀን የሚቀረው ዕዳ 159,834 ብር ያህል ይሆን ነበር፤ አሁን ግን የቀረው 111,563 ብር ያህል ነው። ልዩነቱ 48,000 ብር ያልፋል። ከ36,000 በላይ ያለው 12,000 ብር ያህል ማንም ሠርቶ ያላመጣው፣ ሳይታሰብ የቀረ ወለድ ነው። በዚሁ ከቀጠሉ ዕዳው በነሐሴ 2029 ዓ.ም. ማለቁ ቀርቶ በነሐሴ 2022 ዓ.ም. ያልቃል። ሰባት ዓመት ያጥራል፤ ከወለዱም 92,000 ብር ያህል ይቀራል።

ይህን ሒሳብ ለመምህራችን ባሳየሁ ጊዜ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አቀረቡልኝ፤ ሳልጽፈው ባልፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የዕቃ ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ዋጋ እንዲህ በሚወጣበት ዘመን በ9.5 በመቶ የተበደረ ሰው ዕዳው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀለለ ይሄዳል፤ ወርኃዊው 1,864 ብር በ2010 ዓ.ም. የነበረውን ያህል አይከብድም። ታዲያ ያንን 500 ብር አጠራቅሞ ጊደር ወይም ሰሊጥ የገዛ ሰው አይበልጥምን? አሉኝ። በሒሳብ ረገድ እውነት ነው። መነገድ የሚያውቅ፣ ከብት የሚያረባበት ስፍራ ያለው ሰው እንደዚያ ቢያደርግ አልቃወምም፤ በዛሪማ ብንሆን እኔም ጊደሩን እመርጥ ነበር። ነገር ግን በጎንደር በሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር አስተማሪ ጊደሩን የት ያስራታል? ገንዘቡ በእጁ ቢቀር ወደ ሻይ ቤት ይመለሳል። በባንክ ቢቆጥበውም፣ በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ባደረገው ልክ ቢታሰብ፣ 10,000 ብር በዓመት 700 ብር ያስገኛል፤ ያው 10,000 ብር በዕዳ ላይ ሲቀር ግን 950 ብር ያስወጣል። ስለዚህ መጠባበቂያው በቁጠባ ይቀመጥ፣ ከዚያ የተረፈው ወደ ዕዳው ይሂድ የሚለው የአጎቴ አሠራር ለደመወዝተኛ ቤት የተሻለ መስሎ ታይቶኛል። መምህራችን ግን እስከ አሁን አልተስማሙም።

ይህን መንገድ ለሚከተሉ ወላጆች ስለ አሠራሩ ጥቂት ልጨምር። አስቀድሞ ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከጊዜው በፊት መክፈል ቅጣት ያለው መሆኑ ወይም አለመሆኑ በዚያ ተጽፎ ይገኛል። ተጨማሪው ገንዘብ ሲገባ «ለዋናው ብድር መቀነሻ» ተብሎ በጽሑፍ መሰጠት አለበት። እንዲህ ካልሆነ ለሚመጣው ወር ቅድሚያ ክፍያ ተደርጎ ሊያዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከላይ ያሳየሁት ጥቅም አይገኝም። ደግሞም ባንኩ ወርኃዊው ክፍያ ይቀነስልህ ወይስ ዘመኑ ይጠርልህ ብሎ ቢጠይቅ፣ ወለድን የሚያስቀረው ዘመኑን ማሳጠሩ ነው። አጎቴ በየዓመቱ መስከረም ላይ የቀረውን ዕዳ የሚገልጽ ወረቀት ከባንኩ ይቀበላሉ፤ እኔ በደብተሩ ላይ ካሰብሁት ጋር እናስተያየዋለን። እስከ አሁን የተገኘው ልዩነት ከጥቂት ብር አልበለጠም።

በአሜሪካ አገር በቀድሞ ዘመን የቤቱን ዕዳ የጨረሰ ቤተ ሰብ ጎረቤቶቹን ጠርቶ የመያዣውን ወረቀት በፊታቸው ያቃጥል እንደ ነበር አንብቤአለሁ። አያቴ ይህን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ለ2022 ዓ.ም. ከአሁኑ ጠላ ሊጠምቁ ይፈልጋሉ። ነገር ግን በእኛ አገር ወረቀቱ መቃጠል የለበትም። ዕዳው ሲያልቅ ባንኩ ብድሩ መከፈሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጣል፤ ያንን ደብዳቤ ይዞ መያዣው ወደ ተመዘገበበት መሥሪያ ቤት መሄድና ምዝገባው እንዲሰረዝ ማድረግ፣ የቤቱንም የባለቤትነት ደብተር መረከብ ይገባል። ይህ ሳይፈጸም የቀረ እንደ ሆነ ዕዳው ተከፍሎ ሳለ ቤቱ በመዝገብ ላይ ገና እንደ ተያዘ ይቆጠራል፤ ለመሸጥ ወይም ለልጅ ለማስተላለፍ በተፈለገም ቀን ደብዳቤው የት እንደ ተቀመጠ ይጠየቃል። እትዬ ለዚያ ወረቀት የሚሆን ስፍራ በደብተሩ የኋላ ሽፋን ውስጥ ኪስ ሰፍተው አዘጋጅተዋል።